የአጎቴ ፈገግታ

አጎቴ ማሽላ ሲያጭድ የአገዳ ጉቶ እግሩን ወጋው። ቁስሉ ትንሽ ነበር። «የገዛ ማሳዬ አፈር አይጎዳኝም» አለና ከሥሩ አፈር ቆንጥሮ ደፈነው። ማሳው የአባቱ ነበር፤ ከሐኪም ይልቅ ያምነዋል።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ሞተና ለቅሶ ሄድን። አጎቴ ድንኳኑ መሃል ጥርሱን ገልጦ ተቀምጧል። የሟቹ ወንድም አየው፤ ደግሞ አየው።

«የወንድሜ ሞት ነው ያሳቀህ?»

«አልሳቅሁም» አለ አጎቴ፣ ጥርሱን እንደገጠመ። ፊቱ እየሳቀ ስለነበር ማንም አላመነውም።

ንፍሮ አቀበልሁት። አንዲት የስንዴ ፍሬ እንኳ በጥርሱ መሃል አላልፍ አለች። ያን ጊዜ ደንግጬ ባጃጅ ውስጥ ከተትሁት። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጀርባው እንደ ደጋን ይገተር ነበር።

«መንጋጋ ቆልፍ ነው» አለች ቆቦ ሆስፒታል ያገኘናት ሲስተር። ከቁስሉ አፈሩንና ስንጥሩን አወጣች፤ አጠበችው፤ መርፌ ወጋችው፤ መጋረጃውን ዘጋች።

«ድምፅ ካስደነገጠው ይገተራል፤ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። አንተ በሩን ጠብቅ። ሰው ዝም አሰኝ።»

ዝም ማሰኘት ሙያዬ አይደለም፤ በየሰርጉ ግጥም የምጮኽ ሰው ነኝ። በእኛ አገር ደግሞ በሽተኛ በሹክሹክታ አይጠየቅም። ከሮቢት ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ መጣ፤ ግማሹ «አላህ አፊያ ያድርግህ»፣ ግማሹ «እግዜር ይማርህ» ሊል። ሁሉንም ከግቢው ውጭ አስመርቄ መለስሁ።

የሟቹ ወንድም ግን አመለጠኝ። ነገሩን ሰምቶ፣ ተጸጽቶ፣ እየሮጠ መጣና ከበሩ ላይ «አፉ በለኝ!» ብሎ ጮኸ።

አጎቴ አልጋው ላይ ተገተረ። ትንፋሹ ተቋረጠ። ሲስተሯ እየሮጠች ገባች። ትንፋሹ ሲመለስ የሟቹ ወንድም ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ሳቀ ብዬ ተቀየምሁት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይቅርታ ስጠይቀው ልገድለው ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን አብሮኝ ጠበቀ። ከእኔ ባሰ፤ ሳል የያዘውን ሁሉ ያባርራል።

ከሳምንታት በኋላ የአጎቴ መንጋጋ ተላቀቀ። የመጀመሪያ ቃሉ «አልሳቅሁም» ነበር።

«አውቃለሁ። አፉ ብለኸኛል?» አለ የሟቹ ወንድም፣ አሁንም በሹክሹክታ።

«አፉ ብያለሁ። ምነው ድምፅህ ጠፋ?»

ልንወጣ ስንል ሲስተሯ ክትባት ይዛ መጣች። አንዴ የያዘው ሰው ካልተከተበ ዳግመኛ ሊይዘው ይችላል አለች። አጎቴ «ማሳው ነው እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ» እያለ እጅጌውን ሰበሰበ። መርፌው ሲገባ ፊቱን ክፉኛ አጨፈገገ።

እኔና የሟቹ ወንድም በጣም ደስ አለን።