የይሄይስ ሙክትና የማኅበሩ ጽዋ

እስቲ በይሄይስ በር ላይ የታሰረውን ሙክት በግ ተመልከቱ። ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ እዚያው ቆሟል፤ ሊሸጥ አይደለም፣ ሊታይ ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሕይወት መኖሩን አይቶ እንዲመሰክር።

ይሄይስ ጥርባ አጠገብ ድንች የሚያለማ ገበሬ ነው፤ የሥራ ቀን ደግሞ በባጃጅ እንጅባራ እየሄደ በአንድ የምርምር ቤት በጎች ይጠብቃል። እዚያ ሐኪሞቹ በጉን በማደንዘዣ ያስተኙትና ሕመም ሳይሰማው ልቡ እንዲቆም ያደርጋሉ። ልቡ ከቆመ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። መሞቱ ሲረጋገጥ ኩላሊቱን አውጥተው እንደገና መሥራት ይችል እንደሆነ ይፈትሻሉ። ልፋቱ ሁሉ፣ አንድ ቀን ልቡ ቆሞ ያረፈ ሰው፣ ፈቅዶ ከነበረ፣ ኩላሊቱ ለታመመ እንዲተርፍ ነው። የበጉ ሥጋ ጉድጓድ ይወርዳል፣ ኖራ ይለብሳል።

ይህን ማን ጠየቀው? ማንም። ጎረቤቱ እናትነሽ አንድ ማታ ጆንያ ይዞ ከባጃጅ ሲወርድ አየችው፤ በቃ፣ «የሞተውን በግ ሥጋ ይዞ መጣ፤ ይሄይስ በክት ያበላል» ተባለ። ጆንያው ለድንቹ የሚሆን የበግ ፍግ ነበር። አፍንጫ ያለው ሰው ጠጋ ቢል ይለየው ነበር፤ ሀገሬው ግን የሚያሸተው በጆሮው ነው።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የማኅበሩ ተረኛ ይሄይስ። ማኅበርተኞቹ ድግሱን ካልቀመሱለት ጽዋውን የሚረከበው የለም፤ ጽዋው ቤቱ ከቀረ ደግሞ ከማኅበሩ ወጣ ማለት ነው። ቀጣይዋ ተረካቢ ማን መሰለቻችሁ? እናትነሽ ራሷ።

የማኅበሩ አለቃ፣ ሽማግሌው አያ ደረሰ፣ ቀድመው መጡ። ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ተንበረከኩና ጆሯቸውን ሙክቱ ደረት ላይ ለጠፉ።

«ይመታል» አሉ።

«መድኃኒት ወግተው ያስነሡት ቢሆንስ?» አለች እናትነሽ፣ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ እየሳበች።

«ሞቶ የተነሣ እንዲህ ያመነዥካል?»

ሙክቱ ምርመራው ሰለቸው መሰለኝ፣ ሸሸት ብሎ አያ ደረሰን በግንባሩ ገፈተራቸው። ጭቃው ላይ ዘጭ አሉ።

«ጤነኛ ነው» አሉ እንደተቀመጡ።

ቢላውን ይዘው የባረኩትም ራሳቸው ናቸው፤ «በስመ አብ»ን መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርገው።

ጥብሱ ቀረበ። እጅ የዘረጋ የለም። ሁሉም እናትነሽን ያያል፤ እናትነሽ ጣሪያውን ታያለች። ጾመ ነቢያት ሊገባ ሥጋው መትረፉ አይደለም ይሄይስን የጨነቀው፤ አባቱ ሲቀባበሉት የኖሩት ጽዋ ነው።

«እናትነሽ» አለ፣ «እኛ እዚያ ልቡ ለቆመ በግ እንኳ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። አንቺ እኔን በቁሜ ስትቀብሪኝ ለአፍታም አልጠበቅሽ።»

«ታዲያ በጉን ለምን ትገድሉታላችሁ?»

«ይኸው፣ ገና ዛሬ ጠየቅሽ። ለኩላሊት ጥናት ነው።»

ጥግ የተቀመጠው ወንድሟ ውቤ ሳቀ። ኩላሊቱ ከደከመ ጀምሮ ለእጥበት ባሕር ዳር ይመላለሳል።

«ለእኔ ቢጤ ነዋ» አለ። «እህቴ፣ እኔን ከነማሽኔ ከምትሸከሚ ይሄን ጽዋ መሸከም አይቀልሽም?»

አንድ ቁራጭ ጎረሰና ሁለተኛውን ለእሷ አቀረበላት። እናትነሽ አፏን ከፈተች፤ ለወሬ አለመሆኑን ሲያይ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። አኘከች፣ ዋጠች።

«ኩላሊቱን ለማን አስቀመጣችሁት?» አለች።

ያኔ እጅ ሁሉ ጥብሱ ላይ ወረደ፤ ሳህኑ ተጠረገ። ሲመሽ እናትነሽ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ተነሣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ እዚያ የቆመውን ጆንያ ጠጋ ብላ አሸተተችና ዘወር አለች።

«ይሄይስ፣ ይህ ፍግ... ለእኔም ድንች ይተርፍ ይሆን?»

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በምላሳችሁ በቁሙ የቀበራችሁት ጎረቤት ካለ ነገ አትበሉ። ዛሬውኑ ሂዱና በሩን አንኳኩ፤ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ እሱን ራሱን ጠይቁት።