ካርድ የለንም በያት

ጃፓንኛ የጀመርኩት ጃፓን ልሄድ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው ቀድሜ የምናገረው። "ስኮላርሺፕ አገኘሽ እንዴ?" ይሉኛል። አላገኘሁም። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ ረግቼ የሠራሁበት ጊዜ የለም። ጃፓንኛ የጀመርኩት አባቴ የመኪናው ሴት ምን እንደምትል ማወቅ ስለፈለገ ነው።

የአባቴ መኪና ከጃፓን አገልግሎ የመጣ ነው። በስልክ እየተጠራ ተሳፋሪ ያመላልስበት ነበር። ቁልፍ ሲዞር ከዳሽቦርዱ ውስጥ አንዲት ሴት ትናገራለች፤ ቀጭን ድምፅ፣ ትሕትና የበዛበት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብላ ዝም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቃታል፣ ግን ማንም አይሰማትም። አባቴ መልስ ይሰጣት ነበር። "ቶሌ፣ ቶሌ" ይላታል በኦሮምኛ፣ እሺ፣ እሺ እንደማለት፣ ከዚያ ማርሽ ያስገባል። ሰው አናግሮት ዝም ማለት ነውር ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጠራኝ።

"አንቺ፣ ስልኬ ላይ የሌለ ነገር የለም ትያለሽ አይደል? ይቺ ሴትዮ ምን እንደምትል እስኪ ፈልጊልኝ። ፍሬንህ ሊበጠስ ነው እያለችኝ ይሆናል እኮ!"

መዝገበ ቃላት አወረድኩ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሰሙትን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉለት የጃፓኑን ቃል ከነፊደሉ ያወጣል፤ የድምፅ ማጉያ ምልክቷን ሲነኩ ደግሞ ያነበዋል። ፍቺው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንዳንዴ ፍቺውን ራሱ ሌላ መዝገበ ቃላት ውስጥ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛዬ እንደ ውጤቴ ነው።

"ካዶ" ወዲያው ካርድ ሆነልኝ። የቀረው አስቸገረኝ፤ አንዱን ቃል እንዲህም እንዲያም እየጻፍኩ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ተገጣጠመ። ካርድ አልገባም፣ ነው የምትለው። እዚያ አገር በፈጣን መንገድ ላይ መክፈያ ካርድ አለ፣ መኪናው ውስጥ የሚሰካ። ለአባቴ ስነግረው መስታወት እየወለወለ ነበር።

"ካርድ?" አለ። "ይሄን ሁሉ ዓመት ጠዋት ጠዋት ካርድ ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"የምን ካርድ?"

"የመንገድ መክፈያ።"

"የአዳማውን እንኳ በእጃችን አይደል እንዴ የምንከፍለው!" ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። "በይ ካርድ የለንም በያት።"

"ራስህ በላት።"

ገባ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ተናገረች። "የለንም እመቤቴ፣ ይቅርታ አድርጊልን" አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ቶሌ ቀረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የታወቀ ደንበኛውን ከነቤተሰቡ እንጦጦ ያወጣ ነበር። እኔም ቤት ተጎልቼ ከምውል ብዬ ጋቢና እቀመጣለሁ። እነሱ ፓርኩ ውስጥ ሲገቡ እኛ ባሕር ዛፉ ሥር እንጠብቃለን፤ እሱ ወንበሩን አስተኝቶ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔ ቃል እፈልጋለሁ። የተኛ ሲመስለኝ ይጠይቀኛል።

"ባሕር ዛፍን ምን ይሉታል?"

"ዩካሪ።"

"ብርድ ነውስ?"

"ሳሙይ።"

"ቆማ የቀረች ልጅ?"

"እሱ የለም።"

"ፈልጊ፣ አይጠፋም።"

የጥምቀት ሰሞን ነው፣ እንደዚሁ በቅዳሜ። ቀበና ግቢያችን ውስጥ ቁልፉን ሲያዞር፣ ካርድ የምትለዋ ገና ሳትናገር፣ ከስክሪኑ አጭር ሙዚቃ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ ሴት ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፤ ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ አለ። አባቴ እጁን ከማርሹ ላይ አነሳ።

"ሰማሽ? ዛሬ ሌላ ነገር አለች።"

አጥፍቶ አስነሳው። ሁለተኛ አልደገመችም፤ ካርድ ብቻ። "ደስ ብሏታል" አለ። "ፈልጊልኝ።"

የያዝኩት መጨረሻውን ብቻ ነበር፤ "ጎዛይማስ"። እሱ ደግሞ ትሕትና ባለበት ሁሉ የሚለጠፍ ነገር ነው። "እባክዎ" የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ሰው እንደመፈለግ ነበር። በየቅዳሜው "አገኘሽው?" ይለኛል። "አላገኘሁትም" እለዋለሁ። "ቀስ ብለሽ" ይላል፣ "የትም አልሄድም።"

ክረምት ላይ ሞተ። በመኪና አይደለም፤ ደም ግፊት ነው። ለቅሶው አለቀ፣ ድንኳኑ ተነሳ፣ እናቴ ሲ.ኤም.ሲ ወንድሜ ጋ ሄደች፤ ሚስቱ ወልዳ ስለነበር። "ትንሽ ጊዜ ነው" ብላ ነው የሄደችው። ስትደውል ጸሎት ቤት መሄዴን ትጠይቀኛለች፣ እራት መብላቴን ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ሕፃኑ ያለቅሳል። ቀበና እኔና መኪናው ቀረን።

ያኔ ወሰን ሰፈር አንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ እሠራ ነበር። ስመለስ ወደ ቤት አልገባም፤ ቤቱ ዝም ይላል። መኪናው ውስጥ እገባና በር ዘግቼ ስልኬን አወጣለሁ። ቁልፉን ሳዞር "ካርድ አልገባም" ትላለች። "የለንም" እላታለሁ። ከሥራ ወጥቼ እስክተኛ ድረስ ያወራሁት ይኸው የሆነበት ቀን ብዙ ነው።

ጃፓንኛዬ የዚያን ጊዜ ተሻሻለ። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፣ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው። መዝገበ ቃላቱ ከየቃሉ ሥር ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች አሉት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ "ቀን" ከሚለው ቃል ሥር ያሉትን ተራ በተራ አስነብባለሁ፣ በግማሽ ጆሮዬ ነው የምሰማው። አንዱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ደግሜ ነካሁት። ደግሜ። ያ ነው። ያ ቅዳሜ የተባለው።

እንኳን ለልደትዎ አደረሰዎ።

ሌላ ምንም አልነበረም። መኪናውን ጃፓን ሲነዳ የነበረ ሰው የተወለደበትን ቀን አስገብቶበታል፣ ቀኑ በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሰዎ ይለዋል። ሰውየው መኪናውን ሸጦ ረስቶታል። መኪናው ቀበና መጥቶ አባቴን እንኳን አደረሰዎ አለው። ባለፉት ዓመታት በዚያ ቀን ሳያስነሳው ውሎ ይሆናል።

አባቴ ልደት አልነበረውም። ወላጆቹ ከየካ ወዲያ፣ አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ላይ ገበሬዎች ነበሩ፤ እናቱ የነገረችው ገብስ ሲታጨድ መወለዱን ብቻ ነው። መታወቂያው ላይ መስከረም አንድ ተብሎ ተጽፏል፣ የጻፈችው ልጅ "ቀኑን ካላወቁት ከእንቁጣጣሽ ጋር ላድርግልዎት" ብላው። በዕድሜው ሙሉ እንኳን ለልደትዎ ያለው መኪናው ብቻ ነው፣ እሱንም ሳይገባው ነው የሞተው።

ቀኑ የሱ ይሁን አልኩ። የጃፓኑ ሰውዬ ብዙ አይቶታል። ያን ቅዳሜ እንጦጦ ያነሳሁት ፎቶ ስልኬ ላይ ስላለ ቀኑን አውቀዋለሁ። የምፈልገው ያ ቀን ሲመጣ ቁልፉን አዙሬ፣ ሙዚቃውን ሰምቼ፣ "አባዬ፣ እንዲህ ነው ያለችህ" ማለት ነበር። ባዶ ወንበር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም።

ወንድሜ ደወለ።

"ገዢ አግኝቻለሁ። ታኅሣሥ ሳያልቅ ይወስደዋል።"

"ከጥምቀት በኋላ ይውሰደው።"

"ለምን?"

"ልደት አለ።"

"የማን?"

"የመኪናው።" እንዲህ ማለት ቀለለኝ።

ሳቀ። "ጃፓኗ! ኬኩን እኔ ላምጣ?" ከዚያ ሳቁን ተወ፣ ድምፄን ሰምቶ መሰለኝ። "እሺ። እለምነዋለሁ።"

ለመነውም። ወንድሜ ክፉ አይደለም። መኪናው ከቆመ ባትሪው ይሞትባታል ብሎ፣ እኔ ሥራ እያለሁ መጥቶ፣ ባትሪውን ፈትቶ ቻርጅ ሊያስደርግ ወሰደው። ጥምቀት ሲቃረብ በእቅፉ ተሸክሞት መጣ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ባትሪውን ቦታው መልሶ አሰረልኝ። "በይ አስነሺው፣ ባለልደቱን" አለኝ።

ቁልፉን አዞርኩ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ መሐሉ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ። ስልኬ ጭኔ ላይ ነበር፤ አልከፈትኩትም። አላስፈለገኝም። ያለ መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ነው። የተመዘገበው መረጃ ተሰርዟል፣ ይላል። ስክሪኑ ጨለመ፣ ያቺኛዋ ከሥር ካርድ አልገባም አለች። እሷን የሚያጠፋት ነገር የለም።

ወንድሜ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። "ሠራ?"

"አጥፍተኸዋል።"

"ምኑን? ይኸው ተነስቶ የለም እንዴ!"

"ልደቱን። ባትሪው ሲፈታ ጠፋ።"

"ለመኪና ልደት ነው እንዲህ የምትሆኚው?"

"የአባዬ ነበር።"

ግር ብሎት አየኝ። "አባዬ ልደት ነበረው እንዴ?"

"አሁን የለውም።"

ቀስ ብዬ ላስረዳው እችል ነበር፤ ያን ሰዓት አልቻልኩም። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፣ የጠራውን እጁን እንደገና ጠረገ። ገዢው መጥቶ ይውሰደው አልኩት። ወሰደው።

ቀኑ ሲደርስ ሥራ አልገባሁም። ታክሲ እስከሚያደርሰኝ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ፣ መኪናውን እናቆምበት የነበረው ባሕር ዛፍ ጋ። ሳሙይ ነበር። አንድ ሹፌር ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ወንበሩን አስተኝቶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ስልኬን አወጣሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን አገኘሁት፣ የድምፅ ማጉያ ምልክቷን ነካኋት።

የመዝገበ ቃላቱ ሴት ቶሎ ብላ አለችው፤ ሙዚቃ የለውም፣ ፈገግታ የለውም።

"ይሄ ነው፣ አባዬ" አልኩ።

ከዚያ በልማድ ካርድ የምትለዋን ጠበቅኩ። የተናገረኝ የለም።