ዘጠነኛው ሣጥን

አስካል መሀል ከተማው፣ ዳውንታውን፣ ባለ አንድ አሮጌ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የተጠራችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ነገ ጠዋት ነው። የአንዲት እንግዳ የብር አምባር ጠፍቶ ብርቅታይት ተጠርጥራለች። ብርቅታይት ከአስካል ጋር በአንድ ፎቅ የምትሠራ፣ ሁለት ሕፃናትን ለብቻዋ የምታሳድግ ልጅ ናት። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አስካል ብቻ ስለነበረች ቃሏን እንድትሰጥ ተጠየቀች። "ክፍሉ ውስጥ አብሬያት ነበርኩ" ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ግን አልነበረችም።

ይህንኑ በሆዷ እያመላለሰች፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ጎዳና ላይ ባለው አፓርትመንታቸው ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጇ ሀሌታ ከፊቷ ላፕቶፗን ከፍታ፣ የድሮ የፍርድ ቤት ወረቀት እያነበበች ለትምህርቷ ጽሑፍ ታዘጋጃለች፤ በመሀልም ትስቃለች።

ምን እንደሚያስቃት ጠየቀቻት። ሀሌታ እንግሊዝኛውን ካማርኛው እያደባለቀች አስረዳቻት። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ብር የጫነች መርከብ ባሕር ላይ ተያዘች፤ ነጋዴዎቹም ብሩ የኛ ነው ብለው ፍርድ ቤት ቆሙ። አንደኛው ምሎ ሲመሰክር፣ ስምንት ሣጥን ብር ሲጫን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዘጠነኛውን ግን ሰው ነገረኝ እንጂ አላየሁም አለ።

"ሣጥኑ እኮ የራሱ ነው፣ እማማ። ዝም ብሎ ናይን ቢል ማን ቼክ ያደርጋል? ደደብ ነው።"

አስካል ቢላዋውን አስቀመጠች። ሣጥኑ በምን ይታሸግ ነበር? የሰውየውን ቃል ማን ጻፈለት? ጸሐፊው መልሶ አነበበለት ወይ? ሀሌታ የምታውቀውን መለሰች፤ የማታውቀውን ዘለለች።

"ሌሎቹስ ስንት አሉ፣ ሀሌትዬ?"

ሀሌታ ገጹን ወደ ታች አወረደች። ሌሎቹ ሁሉ ዘጠኝ ብለዋል፤ ቃላቸው ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። ዳኛው አንዳቸውንም አላመኑም። ያን አንዱን ሰው አምነው ስምንቱን ሣጥን አስመለሱለት። ይህን ሀሌታም እስከዚያ ልብ አላለችውም ነበር። ሳቋን ትታ፣ ስለ ሰውየው ደደብነት የጻፈችውን ማጥፋት ጀመረች።

በማግሥቱ አስካል በምትችለው እንግሊዝኛ ተናገረች። ብርቅታይት ስትገባ አይታታለች። ስትወጣም አይታታለች፤ በሁለት እጇ አንሶላ ታቅፋ ነበር። አንሶላውን አንድ በአንድ አራግፈው ጋሪው ላይ የከተቱት ሁለቱ አብረው ነው፤ የወደቀ ነገር አልነበረም።

"ክፍሉ ውስጥስ?" አላት ሥራ አስኪያጁ።

"ውስጡን አላየሁም። እሱንም ጻፍልኝ።"

ቀና ብሎ አያት። እስካሁን የጠየቃቸው ሁሉ ልጅቷ ንጹሕ ናት ከማለት በቀር ምን እንዳዩ አንድም የነገረው እንደሌለ ገለጸላት። ከዚያ ያለችውን ሁሉ ጻፈ፤ አስካልም አስነብባ ፈረመች።

በሦስተኛው ቀን ብርቅታይት ወደ ሺፍቷ ተመለሰች። አምባሩ ግን አልተገኘም።

አስካል ያን ቀን ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሀሌታን ጠራቻት።

"ያ ዘጠነኛው ሣጥን ግን የት ገባ?"

"ወረቀቱ ላይ የለም፣ እማማ።"

"እንግዲያው ሌላ ወረቀት ፈልጊ" አለችና ወንበር ስባ ከአጠገቧ ተቀመጠች።