ጫጩቶቹ የወጡ ሳምንት

እኛ ሰፈር ዶሮ ከሰው ጋር ነው የሚያድረው። ቆጡ ከበሩ በላይ ይሠራል፤ ሸለምጥማጡም የመካነ ሰላም ብርድም አይደርስበትም። ስለዚህ ስልሳ ጫጩት ከጓዳ አውጥቼ ግቢ ውስጥ በሠራሁት የቆርቆሮ ቤት ላሳድር ስነሳ እናቴ ያበድኩ መሰላት።

«ዶሮ ውጭ ሲያድር የት አየሽ?» አለችኝ።

«ስልሳ ዶሮስ ቆጥ ላይ ሲሰቀል የት ታይቷል?» አልኩ።

እልሄ ከታናሽ እህቴ የተነሳ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። ፓስፖርቷን አውጥታ ከአንሶላዎቿ መሃል አስቀምጣለች፤ ደላላው በየሳምንቱ ይደውልላታል። አረብ አገር ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ እኔ አትሂጂ ስላት «እዚህ ምን ልሠራ?» ትለኛለች። አብረን ዶሮ እናርባ አልኳት። «እስቲ መጀመሪያ በሕይወት ይደጉ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ መሄድና መቅረት በዶሮዎቹ ነፍስ ላይ ተንጠለጠለ።

ጫጩቶቹ ስድስት ሳምንት ጓዳ ውስጥ፣ በካርቶን አጥር ተከበው፣ ሰጋቱራ ላይ፣ ከአምፖል ስር አደጉ። እህቴ የምትተኛው እዚያው ስለነበር በድምፅዋ ይነቃሉ፣ በድምፅዋ ይበላሉ። ላባቸው ሲሞላ ጓዳው ጠበባቸው፤ ከሽታቸው የተነሳ እንግዳ መቀበል አፈርን። የግብርና ባለሙያዋ ከመውጣታቸው በፊት ማታ ማታ አምፖሉን እያጠፋሽ ጨለማ አስለምጂያቸው ብላኝ ነበር። አላደረግሁትም። አረብ አገር ያስተኙኝ መስኮት የሌለው እቃ ቤት ነበር፤ እዚያ መብራት ማጥፋት እፈራ ስለነበር ጫጩቶቹ ላይ ለማጥፋት እጄ እምቢ አለኝ። የከተማው መብራት በሄደ ቁጥር እንኳ ባትሪ አበራላቸው ነበር። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነው።

ያወጣኋቸው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው አፈር ሲጭሩ ዋሉ። መግሪብ ሲቃረብ ግን ሁሉም ሄደው የእኛ በር ላይ ተከመሩና ይጮሁ ጀመር። አንድ በአንድ ለቅሜ አዲሱ ቤታቸው አስገባኋቸውና ዘጋሁባቸው። እናቴ ሰላቷን ጨርሳ ጩኸታቸውን ስታዳምጥ ቆየችና «ያረቢ፣ ኧረ አስገቢያቸው፤ ነፍስ ናቸው» አለች። አላስገባም አልኩ።

ጠዋት ስከፍት አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። ጨለማ አይተው ስለማያውቁ ደንግጠው ሲጋፉ አድረዋል፤ ከታች የቀሩት ሰባቱ ታፍነው ሞተዋል። ብርድ አልገደላቸውም፤ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሰባቱን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ወደ ጓሮ ስሄድ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ደግሞ ከዶሮዎቹ ይልቅ እህቴ አሁን የምታነሳው ሻንጣ ነው። ቀብሬ ስመለስ እህቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ዛሬ ወደ ጓዳ ይመለሳሉ?» አለችኝ።

«አይመለሱም።»

«አንቺስ ድርቅናሽ ለጉድ ነው፣ እታለም» ብላኝ ገባች።

አመሻሽ ላይ ግን ሳልጠይቃት ጎንበስ ብላ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ገባች። ጓዳ ውስጥ እንደለመደችው እያወራቻቸው አንድ በአንድ እያነሳች እዚያ የሠራሁላቸው ቆጥ ላይ አስቀመጠቻቸው። የወረደውን ደግማ ታወጣዋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ባትሪ አበራላታለሁ፤ ብርሃኑን በመዳፌ ቀስ በቀስ እየሸፈንኩ አሳነስኩት። ጭልም ሲል ድምፃቸው ጠፋ። ስትወጣ ቀሚሷ ኩስ በኩስ ሆኖ ነበር።

በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ አደረግን። አንድም አልሞተብንም። በስምንተኛው ቀን ማንንም ሳንነካ ግቢው ውስጥ ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ አንዲት ቀይ ቄብ ገባች። ሌሎቹ ተከተሏትና እየተገፋፉም ቢሆን ራሳቸው ቆጡ ላይ ወጡ። እናቴ ከበሩ ሆና ስታይ ቆይታ «አልሃምዱሊላህ። እንግዲህ ጓዳዬን አጽዱልኝ» አለችን።

በነጋታው ጓዳውን ስናጸዳ እህቴ ፓስፖርቷን ከአንሶላዎቹ መሃል አውጥታ ሰጠችኝ።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ። እንቁላል እስኪጥሉ እጠብቃለሁ፤ የሚሆነውን ያኔ እነግርሻለሁ» አለች።

ባለሙያዋ በአምስተኛ ወራቸው ግድም ይጥላሉ ብላኛለች። መኖ አላጓደልኩባቸውም፤ ውሃቸውንም ጠዋት ማታ እቀይራለሁ። ብቻ፣ ዶሮ እያረባ እንዲህ የሚመኝ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር እንጃ፣ በየማለዳው በሩን ከመክፈቴ በፊት ጭዱ ላይ እንቁላል እንዳላገኝ ዱዓ አደርጋለሁ።