ድምፅ ፍለጋ እስከ ባኮ

ቅዳሜ ጠዋት ከእማዬ ጋር ከአምቦ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብበን ወጣን። የምንሄደው የእህቴን የላሊሴን ድምፅ ለመስማት ነው። ቤይሩት ሰው ቤት ትሰራለች። ከፎቅ ወድቃለች የሚል ወሬ ከመጣ ወዲህ እማዬ እንቅልፍ የላትም። ላሊሴ በኢንተርኔት «ደህና ነኝ» ብላ ጽፋለች። እማዬ ግን «ጽሑፍ ማንም ይጽፋል፣ ድምጿን አሰማኝ» ብላ ወጥራ ያዘችኝ።

በምን ላሰማት? አምቦ ያሉት ኢንተርኔት ቤቶች በኮምፒውተር ማስደወል ክልክል ነው ተብለው ማዳመጫውን ሁሉ ለቅመው ደብቀዋል። የመደወያው ፕሮግራም ባለቤት ለሆነው የውጭ ኩባንያ አቤት ብዬ ጻፍኩ። «የየአገሩን ህግ እናከብራለን፣ ስለ ትዕግስትህ እናመሰግናለን» አሉኝ። ትዕግስት እንዳለኝ ማን ነገራቸው? መንግስት ይከለክላል፣ እነሱ ያመሰግናሉ፣ እኔ አቧራ እበላለሁ።

ጉደር

ወርደን ጠየቅን። መብራት የለም። እማዬ ቀይ ሽንኩርት ገዛች፤ ጉደር ተመጥቶ ባዶ እጅ አይኬድም አለች። ባኮ ድረስ ተሸካሚው እኔ ነኝ።

ጌዶ

ብርድ። ፓስቲ በሻይ በላን። የኢንተርኔት ቤቱ ሰውዬ ማዳመጫ ስለው ቦምብ የጠየቅኩት ይመስል ዘለለ።

«ባኮ ሂዱ። እዚያ ኢንተርኔት ቤት ያለው ኦቦ ገመቹ አይፈራም።»

ባኮ

ሙቀቱ ያፍናል። ወገቤ አልቋል። ኦቦ ገመቹ ባዶ እጁን ዘረጋ።

«ትናንት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ማዳመጫውንም ማይኩንም ወሰዱ።»

«እና ምን ቀረ?»

«ካሜራው። ድምፅ አሉ እንጂ ምስል አላሉም።»

ለላሊሴ ጻፍኩላት፤ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም። እማዬ ድምፅ እንደሌለ ነግሬያትም ትጮሃለች።

«አዴ፣ አትሰማሽም እኮ» አለ ኦቦ ገመቹ።

እማዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። አየቻት፣ አየቻት። ከዚያ እጇን ወደ ላይ አነሳች። «ካኢ!» ተነሺ ማለቷ ነው።

የላሊሴ ሳቅ ቆመ።

«ካኢ! ዴሚ!» እማዬ በሁለት ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ እየተራመደች አሳየቻት።

ላሊሴ ተነሳች። ግድግዳውን ይዛ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። ግራ እግሯን ትጎትታለች።

መልስ

ጌዶ ስንደርስ አላስቻለኝም። ፈነዳሁ።

«ለዚያ ኩባንያ እጽፍለታለሁ! ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን ድምፅ እንኳን...»

«ተወው» አለች እማዬ። «ድምፅ ቢኖር ደህና ነኝ ትለኝ ነበር።»

ከኩባንያውም ከመንግስትም ጋር አልታረቅኩም፤ ግን ሽንኩርቱን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።

አምቦ ስንወርድ ወደ ቤት አልሄደችም። ሽንኩርቱን ከእጄ ወስዳ መሬት አስቀምጣ ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ግባና ጻፍላት» አለችኝ፣ ጽሑፍ አላምንም ያለችው ሴትዮ። «እንደሆንሽ ሆነሽ ነይ በላት።»