የከረመ ገብስ

መምህር ፍቅረማርያም ከመርሐቤቴ ተመድበው አሰላ ሲገቡ ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት ነበር። በዓመቱ ተዛውሬ ወደ አገሬ እመለሳለሁ የሚል ሐሳብ ነበራቸው፤ የዝውውሩ ማመልከቻ ግን ሳይጻፍ ቀረ። የሳጉሬዋ ልጅ ፋናዬ ሚስታቸው ሆነች፤ የጭላሎም ብርድ ለመዳቸው፤ አፋን ኦሮሞውንም ገበያ ላይ ዋጋ ተከራክረው እስኪረቱበት ድረስ ተማሩት። አሁን የጡረታቸው ደብዳቤ ደርሷል። ጥር ሠላሳ ሲሆን የሠላሳ ሰባት ዓመት መምህርነታቸው ያበቃል።

እሳቸውን የከነከናቸው ግን ጡረታው አልነበረም፤ የገብሱ ትምህርት ነበር።

በየዓመቱ ጥር ላይ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሴል ጂኖቹን እንዴት እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ የሚያስተምሩት በገብስ ነው። በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ያሉ ሴሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘዋል፤ የዓይን ሴል የጉበትን ሥራ የማይሠራው መመሪያው ጎድሎት አይደለም፤ ያ ገጽ ስለተዘጋበት ነው። የቄስ ልጅ የሆኑት መምህር ይህን ባሰቡ ቁጥር የየዕለቱን ንባብ የሚያመለክተው የአባታቸው መጽሐፍ፣ ግጻዌው፣ ትዝ ይላቸዋል። መጻሕፍቱ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ የትኛው ምዕራፍ እንደሚነበብ የሚወሰነው ግን በዕለቱ ነው።

ለተማሪዎቻቸው ገብሱን ያሳዩአቸዋል። ደረቅ ገብስ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም የሚያሠራ ጂን አለው፤ ነገር ግን ዘግቶት ይቀመጣል። ርሶ ሲነቃ በፍሬው ውስጥ ያለው ፅንስ ከልባሱ ሥር ወዳሉት ሴሎች መልእክት ይልካል፤ ጂኑም ይከፈታል። መምህር የበቀለውን ገብስ ለሁለት ቆርጠው በሳህን በረጋ የስታርች ሙቅ ላይ ይደፉታል፤ በማግስቱ አዮዲን ያፈሱበታል። አዮዲን ስታርችን ያጠቁራልና ሳህኑ ሁሉ ይጠቁራል፤ በገብሱ ዙሪያ ግን ስታርቹ ተበልቶ አልቋልና ነጣ ያለ ቀለበት ይቀራል። ያን ጊዜ ክፍሉ በአንድ አፍ «ውይ!» ይላል። ይህን «ውይ» እየሰሙ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል።

ቦታቸውን የምትረከበው ከሐዋሳ የመጣች ትንቢት የምትባል ወጣት መምህርት ነበረች። ፈጣንና ቅን ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ እኔ በላፕቶፕ ቪዲዮ አለኝ» አለቻቸው። «አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ገብስ ሲበቅል የሚጠብቅ ጊዜ ከየት አመጣለሁ?»

«ልጄ፣ በቪዲዮ ያዩትን ማታ ይረሱታል።»

«እሺ፣ አንድ ጊዜ ያሳዩኝ። ከሠራ እቀጥልበታለሁ።»

ስለዚህ የዘንድሮው ትምህርት የአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ አልነበረም። ትንቢት ካልተቀበለችው ሠላሳ አንድ ዓመት የለፉበት ነገር ከእሳቸው ጋር ከትምህርት ቤቱ በር ይወጣል።

በወጉማ ቢሆን ገብሱ እስካሁን በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ባገኙት። ጥር በገባ ቁጥር ፋናዬ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከደብተሮቻቸው አጠገብ ታኖርላቸው ነበር። ከየት እንደምታመጣው ጠይቀዋት አያውቁም፤ አርሲ ላይ ገብስ ምን ይጠፋል? ፋናዬ ግን ባለፈው ክረምት ዐርፋለች። ጥር ገባ፤ ጠረጴዛውም ባዶውን ነበር።

እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ሳጉሬ ሄዱ። የፋናዬ ወንድም ዘሪሁን ገና አሁን የወቃውን ገብስ ከጎተራው እየዘገነ አሳያቸው። ፍሬው ድንቡሽቡሽ ያለ፣ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ነበር።

«ለገንፎ ነው፣ መምህር?»

«ለትምህርት ነው» አሉ ኮራ ብለው፤ ከዚያም በላይ አላብራሩም። በቤታቸው ከዚህ ያማረ ገብስ ገብቶ የሚያውቅ አልመሰላቸውም።

ሰኞ ነከሩት፤ ማክሰኞ አጥልለው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት። ሐሙስ ዕለት በስድሳ ተማሪዎችና በትንቢት ፊት፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ጥቅሉን ፈቱት።

አንዲት ፍሬ እንኳ ሥር አላወጣችም። ሁሉም እንደ ተነከሩ ቁጭ ብለዋል።

ከፊት የተቀመጠችው ፈይሩዛ አንገቷን አስግጋ ተመለከተችና፣ «ቲቸር፣ ገብሱም ጡረታ ወጥቷል መሰለኝ» አለች።

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። መምህርም ለወጉ ፈገግ አሉ። ትንቢት አልሣቀችም፤ ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ይህ ከሣቁ ይልቅ አቆሰላቸው።

ከሰዓት በኋላ ገብሱን በኪሳቸው ይዘው ብቅል ወደምትሸጠው ወደ ትርፌ ቤት ሄዱ። ትርፌ የፋናዬ ወዳጅ ነበረች። በደጇ ብቅል አስጥታ ወፍ ትጠብቃለች። ፍሬውን በመዳፏ ተቀብላ አንዷን በጥርሷ ሰበረችና ሣቀች።

«ይህማ የዘንድሮ ነው እኮ፣ መምህር!»

«የዘንድሮ መሆኑ ምን ነውር አለው?»

«እንቅልፉን አልጠገበማ! እኔ ይህን ነክሬ ብቅል ላውጣ ብል ሻግቶ ነው የሚቆየኝ። ለብቅል የከረመ ነው የሚፈለገው።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ፋናዬ አልነገሩዎትም?»

«ምኑን?»

«በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይመጡ ነበር። ‹ትርፌ፣ የመምህርን ገብስ ከአምናው አስቀመጥሽልኝ?› ይሉኛል። ወስደውም ዝም አይሉም፤ መቶ ፍሬ ቆጥረው፣ ነክረው ይሞክሩታል። ብዙው ካልበቀለ መልሰው ያመጡልኛል፤ ሌላ እሰጣቸዋለሁ። ‹በልጆች ፊት እንዳያፍርብኝ› ነበር የሚሉት።»

መምህር በደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ነገሩን አያውቁትም አይባልም። አዲስ የታጨደ ዘር ለጥቂት ወራት ጂኖቹን ቆልፎ እንደሚተኛ፣ በዝናብ መካከል ዛላው ላይ ሳለ እንዳይበቅል ተፈጥሮ እንዲህ እንደምትጠብቀው፣ ይህን ሁሉ በየዓመቱ በጠመኔ ጽፈዋል። ከተማሪዎቻቸውም ነጥብ ቀንሰውበታል። ቤታቸው ውስጥ ግን በዚሁ እውቀት የምትሠራ ሴት እንዳለች አላወቁም። እሳቸው ማታ ፈተና ሲያርሙ ፋናዬ በጓዳ ምን ትቆጥር ነበር? አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አጎንብሳ አግኝተዋት፣ «ምን ትሠሪያለሽ?» ብለዋት ነበር። «ምንም» አለቻቸው። እሳቸውም አምነው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

«ትርፌ፣ የከረመ አለሽ?»

«ለእርስዎማ! እትዬ ጥቅምት ላይ ባይመጡም አስቀምጬዋለሁ።»

በሚቀጥለው ሰኞ ሁለቱንም ገብስ ነከሩ፤ የከረመውን በአንድ ጨርቅ፣ የዘንድሮውን በሌላ። ሐሙስ የከረመው ገብስ ጨርቅ ሲፈታ ነጫጭ ሥሮቹ ተጠላልፈው ተገኙ። ሁለቱንም ቆርጠው በየሳህኑ ደፏቸው። ዓርብ ጠዋት አዮዲኑ ፈሰሰ። የዘንድሮው ሳህን እንደ ቀለም ጠቆረ፤ በከረመው ሳህን ላይ ግን ነጣ ያሉት ቀለበቶች አንድ በአንድ ወጡ።

«ውይ!» አለ ክፍሉ።

«ሁለቱም አንድ ዓይነት ገብስ ነው» አሉ መምህር። «ይህ የያዘውን ጂን ያም ይዞታል። ልዩነቱ የመከፈቻው ጊዜ ነው። ባለፈው ሐሙስ ያፈረው ገብሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። የከረመውን መርጣ፣ መቶ ፍሬ ነክራ ፈትና የምትሰጠኝ ባለቤቴ ነበረች። ይህን ያወቅሁት በሞተች በስድስት ወሯ ነው።»

ፈይሩዛ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የባለፈውን ቀልድ ይቅር ይበሉኝ።»

«ቀልድሽ ጥሩ ነበር። ተቀመጪ።»

ተማሪዎቹ ሲወጡ ትንቢት ሳህኖቹን ልታነሣ ቀረች። ነጣ ያለውን ቀለበት ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠችው።

«ጋሼ፣ ይህን ከከርሞ ጀምሮ እኔ እሠራዋለሁ። ቪዲዮውን ከእሱ በኋላ አሳያቸዋለሁ።» ደብተሯን አወጣች። «መቶ ፍሬ ይነከራል፤ እሺ። ከመቶው ስንት ሲበቅል ነው ገብሱ ተቀባይነት የሚኖረው?»

መምህር ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጠና? ሰማንያ?

«አላውቅም» አሉ። «ፋናዬ ነበረች የምታውቀው።»



መምህር ካፖርታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ። «ነይ፣ ልጄ። ትርፌ ሳታውቀው አትቀርም። ሄደን እንጠይቃት።»