ጠዋት ጠዋት የሚያብደው የጭስ መለኪያ

ይህ የሆነው አምና፣ የሩዝ አጨዳ ባለቀ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው በማን መቆጣት እንደነበረብኝ ስለማላውቅ ነው።

የምሠራው ወረታ ውስጥ ባለ አንድ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ነው። ባለመኪኖች በየዓመቱ ቦሎ ሊያሳድሱ ሲመጡ የመለኪያውን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከትቼ ጋዙን እለካለሁ። ያልተቃጠለ ነዳጅ ከበዛ መኪናው ይወድቃል።

ጋሽ ሙላት ከወረታ ሐሙሲት ሰው የሚያመላልሱባት አሮጌ የቤንዚን ሚኒባስ አለቻቸው። ቤተሰባቸው የሚተዳደረው በእሷ ነው። ሥራ እንዳያመልጣቸው በር ሲከፈት የመጀመሪያው እሳቸው ነበሩ። ለካሁ፤ ወደቀች። ካርቡሬተሩን አሳዩት አልኳቸው። አሳይተው በሳምንቱ በማለዳ መጡ፤ ደግማ ወደቀች። ሦስተኛ ጊዜ ስትወድቅ ትዕግሥቴ አለቀ። እኔ ድሮም ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ። ሞተሩ ሳይከፈት እንዳይመጡ ነገርኳቸው።

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ልጄ፣ ከእኔ የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ” አሉ።

ጉቦ የጠየቅኳቸው መስሏቸዋል! ደሜ ፈላ፤ ብዙ ተናገርኩ። መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ቀድማ የገባችው አዲስ ሊባል የሚችል የመሥሪያ ቤት መኪና ነበረች። እሷም ወደቀች። ግራ ገባኝ። ከሰዓት በኋላ መልሼ ስለካት ያለ ምንም ችግር አለፈች። ጉድ ነው። ማጣሪያውን ቀየርኩ፣ ውሃ ማጠራቀሚያውን አፈሰስኩ፣ ቱቦው ይተነፍስ እንደሆነ ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ።

ባሕር ዳር ያለ አንድ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። ነገ ሥራ ሳትጀምር መሣሪያውን ከነቱቦው ንጹሕ አየር አስስበው፣ ቀጥሎ ቱቦውን ነቅለህ አስስበው፤ ቁጥሩ ከተለያየ ነገሩ ቱቦው ውስጥ ነው አለኝ።

በማግሥቱ ከወትሮው ቀድሜ ገባሁ። ዘበኛችን አያ ደሴ መሣሪያው ሥር ቁጢጥ ብለው ከቱቦው አፍ ላይ ጨርቅ ይነቅላሉ። ጨርቁን ተቀብዬ ሳሸተው ላምባ ነው።

“አይጥ ላምባ አይወድም” አሉኝ። “ሩዙ ሲታጨድ አይጡ ሁሉ ከማሳ ወደ ከተማ ይገባል። የፊተኛውን ቱቦ አይጥ በልታብህ እንደዚያ ስትበሳጭ አይቼ እኮ ነው፣ ልጄ። ማታ ማታ እወትፈዋለሁ፤ አንተ ሳትመጣ እነቅለዋለሁ።”

ክው አልኩ። ሌሊቱን ቱቦው ላምባ ጠጥቶ ያድራል፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚገባው መኪና የላምባውን ዕዳ ይከፍላል። ግቢው ሁሉ ነዳጅ ነዳጅ ስለሚሸት አፍንጫዬ አልለየውም። እንዴት ልቆጣቸው? ለእኔ ብለው ነው ያደረጉት።

ወዲያው ባጃጅ ይዤ ጋሽ ሙላት ወደሚያሠሩበት ጋራዥ ሄድኩ። ስደርስ የሚኒባሷ ሞተር ተፈታትቶ መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ተዘርግቷል። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠዋል።

“ጋሽ ሙላት፣ መኪናዎ ደህና ነበረች። የተበላሸው የእኛው ቱቦ ነው” አልኳቸው።

“ደህና ነበረች?” አሉ። ከዚያ የተፈታታውን ብረት ያዩ ጀመር። መካኒኩም ሥራውን አቁሞ አቀረቀረ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሞተሩ እስኪገጠም ድረስ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አገዝኩ። ሚኒባሷ ለሁለት ሳምንት ያህል ቆመች። ከዚያ አምጥተዋት በአንድ ጊዜ አለፈች። ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ክላክስ አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ግን በሰላምታቸው ይበልጥ አፍራለሁ።

ስለ ላምባው ነግሬያቸዋለሁ። ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ከእሳቸው ኋላ የተሰለፉት ሁሉ ያልፉ ነበር። ከሦስቱ በአንዱ ቀን እንኳ ትንሽ አርፍደው ቢመጡ ኖሮ ያቺ መኪና አትፈታም ነበር። ይህን ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ።